ከድራጎን ጋር ማደግ፦ ልጆቻችን ስለሚያነቧቸው ልብወለዶች

  የንባብ ክበቡ አስተባባሪዎች ሲጋብዙኝ የሰጡኝ ጥያቄ አጭር ነበር። "ልጆቻችን ስለ ድራጎን የሚያነቡት ነገር ምንድን ነው? ይጠቅማቸዋል ወይስ ይጎዳቸዋል?" ጥያቄው ከእናንተ ከወላጆች እንደመጣ ነግረውኛል፤ ስለዚህ የማወራው በቀጥታ ለእናንተ ነው። ወጣቶቹ መጻሕፍቱን ስለምታውቋቸው በመጨረሻው የውይይት ሰዓት ደግሞ እኔ እናንተን እሰማለሁ።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር፤ ይጠቅማቸዋል ባይ ነኝ። ምክንያቴ አንድ ነው፤ ዛሬም ደጋግሜ የምመለሰው ወደ እሱ ነው። ከእነዚህ ልብወለዶች ጥሩ ጥሩዎቹን ብትወስዱ፣ ድራጎን ማለት ልጁ ሳያስበው እጁ የገባ ከባድ ኃይል ነው። ኃይሉን ያገኘ ቀን ልጁ ገና ልጅ ነው። አዋቂ የሚሆነው በዚያ ኃይል ያደረገውን፣ ያጠፋውንም ጭምር፣ "እኔ ነኝ ያደረግሁት" ብሎ የተሸከመ ቀን ነው። ይህን በአምስት በስድስት መጻሕፍት ላሳያችሁ እሞክራለሁ። በአንዳንዱ ላይ እቆያለሁ፣ አንዳንዱን ቶሎ አልፈዋለሁ።

በመጀመሪያ ግን ስጋታችሁን ላንሳ። ብዙዎቻችሁ ድራጎን ሲባል የሚታያችሁ ዘንዶ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ፣ በየቤታችን ሳሎን፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነጭ ፈረሱ ላይ ሆኖ ዘንዶውን በጦር ሲወጋ፣ ብሩታዊትም ዛፍ ላይ ሆና ስትመለከት እያየን ነው ያደግነው። በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 12 ላይ ያለው ቀይ ዘንዶ ማን እንደሆነ ቅዱስ መጽሐፉ ራሱ ይናገራል። የአርዌም ተረት አለ፤ ሕዝቡን እያስገበረ ይገዛ የነበረው እባብ፣ በኋላም አንጋቦ ገድሎት የነገሠበት፣ ንግሥት ማክዳም የዚህ የአንጋቦ ልጅ ናት የሚባልበት። በዚህ ሁሉ ውስጥ ያደገ ወላጅ፣ ልጁ ድራጎን ታቅፎ የሚበርበትን መጽሐፍ ትራሱ ሥር ሲያገኝ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ሆኖም የራሳችን ትውፊት ሌላም ዘንዶ ያውቃል። ጥቅምት 14 ቀን የምንዘክራቸው አቡነ አረጋዊ ደብረ ዳሞ አናት ላይ የወጡት፣ ትውፊቱ እንደሚለው፣ ከእግዚአብሔር በታዘዘ ዘንዶ ነው። ዛሬ መነኮሳቱና ተሳላሚው ገመድ ይዘው በሚወጡበት በዚያ ገደል ላይ ዘንዶው ጻድቁን ተሸክሞ ሲያወጣ የሚያሳየውን ሥዕል ያላየ በመካከላችን ብዙ አይኖርም። በአንድ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አንዱ ዘንዶ ሲወጋ፣ ሌላው ሲታዘዝ ጎን ለጎን አይተናል። የእንግሊዝኛው ልብወለድም ሁለቱንም ያውቃል። በ1937 በታተመው በቶልኪን "ዘ ሆቢት" ውስጥ ስማውግ የተዘረፈ ወርቅ ላይ ተኝቶ ከተማ የሚያቃጥል ጠላት ነው። በተለይ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የሚያናግሩት፣ የሚዋዋሉት፣ አብረው የሚኖሩት ድራጎን በብዛት መጣ። ልጃችሁ የያዘው መጽሐፍ ውስጥ ያለው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ መጽሐፉን ከፍቶ ከማየት ሌላ መንገድ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ስለ ድራጎንና ስለ ማደግ ከተጻፉት ሁሉ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል፣ ሳላመነታ የምመርጠው በ1968 የወጣውን የኧርሱላ ለ ጉዊንን "ኤ ዊዛርድ ኦቭ ኧርዝሲ" ነው። ለ ጉዊን በ1929 ካሊፎርኒያ ውስጥ በርክሊ ከተማ ተወለደች። አባቷ አልፍሬድ ክሮበር ስመ ጥር አንትሮፖሎጂስት ነበር፤ እናቷ ቴዎዶራም ደራሲ ነበረች። መጽሐፉን የጻፈችው የዚያችው የትውልድ ከተማዋ አንድ ትንሽ አሳታሚ ለወጣቶች የሚሆን ነገር ጻፊልኝ ብሎ ጠይቋት ነው።

ታሪኩ የጌድ ነው። ጌድ በጎንት ደሴት ተራራ ላይ፣ ከአንድ የነሐስ ሠራተኛ ቤት ተወለደ። እናቱ ገና ሕፃን ሳለ ሞታበታለች። ፍየል ይጠብቃል። አንድ ቀን አክስቱ ፍየል የምትጠራበትን ቃል ይሰማል፤ እሱም በተራው መስክ ላይ ወጥቶ ቃሉን ይጣራል። ፍየሎቹ ሁሉ ዓይናቸውን አፍጥጠው ይመጡና ይከቡታል። ይስቃል። ከዚያ መሳቁ ይቀራል፤ ምክንያቱም ፍየሎቹ አይለቁትም። እየተጠጉ፣ እየተጨናነቁ፣ ግራና ቀኙን ይዘው እስከ መንደሩ ድረስ ይነዱታል። እያለቀሰ፣ እየጮኸ ይገባል። ይህን ትንሽ ትዕይንት ልብ በሉልኝ፤ መጽሐፉ በሙሉ እዚህች ላይ አለ። ልጁ መጥራት ያውቃል፣ ማሰናበት አያውቅም።

በ13 ዓመቱ ኦጊዮን የሚባል ዝምተኛ አዋቂ ወንዝ አሻግሮ እውነተኛ ስሙን ይሰጠዋል። በዚያ ዓለም ማንም ሰው እውነተኛ ስሙን ለማያምነው አይናገርም፤ የክርስትና ስም ያለን እኛ ይህ አይጠፋንም። ጌድ ግን ከኦጊዮን ጋር መቆየት አይችልም። ኦጊዮን ዝናብ ሲመጣ እንኳን በቃል አይመልሰውም፤ ዝም ብሎ ይረጥባል። ልጁ ቶሎ መማር፣ ቶሎ መታየት ይፈልጋል። ሮክ ወደምትባል ደሴት፣ ወደ አስማተኞች ትምህርት ቤት ይሄዳል። እዚያ ከአንድ ኩሩ ተማሪ ጋር እልህ ይጋባና፣ በአንድ የበዓል ሌሊት፣ ጓደኞቹ እያዩት፣ ከሞቱ ብዙ ዘመን ካለፋቸው ሰዎች አንዷን ይጠራል። በተከፈተው ቀዳዳ ስም የሌለው ጥላ ዘሎ ወጥቶ ፊቱን ይቦጫጭቀዋል። የትምህርት ቤቱ የበላይ፣ አረጋዊው ሰው፣ ያንን ቀዳዳ ለመዝጋት ያለ የሌለ ኃይላቸውን አፍስሰው በዚያው ይሞታሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። አብዛኛው የወጣቶች ልብወለድ ይህን አይደፍርም። ጀግናው ሲያጠፋ ጉዳቱን አንድ ክፉ ንጉሥ ወይም ከሃዲ ይወስድለታል። ለ ጉዊን ግን ጌድን አላዳነችውም። ጥፋቱ የእሱ ነው፤ ምክንያቱም እልህ ነው፤ የሞቱት ሰው ደግ ሰው ናቸው። ከዚያ በኋላ ልጁ ለወራት ይተኛል። ሲነሣ ፊቱ ላይ ጠባሳ አለ፣ ምላሱ ይያዛል፣ እኩዮቹ ጥለውት አልፈዋል። ከሁሉ ይቀድም የነበረ ልጅ ከታች ይጀምራል። ፈተና ወድቆ፣ ወይም ሰው አሳዝኖ፣ ክፍሉን ዘግቶ የተቀመጠ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ይህ ምዕራፍ ለእናንተም ነው።

አሁን ድራጎኑ ይመጣል። ጌድ ትምህርቱን ጨርሶ የሚሾመው በአንድ ድሃ የዓሣ አጥማጆች ደሴት ነው፤ ሥራው ከጎረቤት ደሴት፣ ከፔንዶር፣ ይመጣል ተብሎ ከሚፈራው ድራጎን ሕዝቡን መጠበቅ ነው። እዚያ ሳለ የጓደኛው ትንሽ ልጅ ይታመማል፤ ሊያድነው ከሚቻለው በላይ ሄዶ ይሞክራል፣ ልጁ ይሞታል፣ ጥላውም እንደገና ያገኘዋል። ስለዚህ ሰዎቹን ያለ ጠባቂ ትቷቸው እንዳይሸሽ ብሎ፣ በትንሽ ጀልባ ብቻውን ወደ ፔንዶር ይቀዝፋል። ወጣቶቹን ድራጎኖች ይዋጋል። ከዚያ የፈረሰ ግንብ መስሎት የነበረው ነገር ይንቀሳቀሳል፤ የግንቡ ጎን ያብጣል፣ ይረዝማል። ትልቁ ድራጎን ነው።

ጌድ የጥንት ታሪክ ሲያነብ የገመታት አንዲት ስም አለችው፤ የዚህ ድራጎን ስም። ስሙን ይጠራል፣ ትክክል ነው፣ ድራጎኑ ይያዛል። በዚያን ጊዜ ሽማግሌው ድራጎን የሚለው ነገር ለእኔ የመጽሐፉ እምብርት ነው። ያሳድድህ የነበረውን የዚያን ጥላ ስም ልንገርህ ይለዋል። አስቡት። ሌሊት እንቅልፍ የነሣውን፣ ዕድሜውን ያሳጠረበትን ነገር ስሙን ካወቀ ይገላገላል። የመደራደሪያ ዕድሉ ግን አንድ ብቻ ናት። ጌድ ያቺን ዕድል ለዓሣ አጥማጆቹ ይሰጣታል፤ አንተም ልጆችህም ከእንግዲህ ወደ ሰው ደሴቶች እንዳትበሩ ብሎ ያስምለዋል። ለራሱ ምንም ሳይዝ ወደ ጀልባው ይመለሳል። በጀልባው ላይ የተቀመጠው ያ ወጣት ከፍየሎቹ እያለቀሰ የሸሸው ልጅ አይደለም። ድራጎን አልገደለም፣ ወርቅ አልወሰደም። ኃላፊነት የተሰጠውን ሰው ከራሱ ነፍስ አስቀደመ። መጨረሻውን አልነግራችሁም፤ ጥላውን ማን ብሎ እንደሚጠራው ራሳችሁ ደርሳችሁ እዩት።

ከዚህ መጽሐፍ ሳልወጣ ወጣቶቹ እንድታውቁልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ጌድ መልኩ ቀይ ዳማ ነው። የልብ ጓደኛው ቬች ጥቁር ነው። ነጮቹ ከምሥራቅ የሚመጡት ወራሪዎች ናቸው። ለ ጉዊን ይህን የጻፈችው በ1968 ነው፤ አስባበት ነው የጻፈችውም። አሳታሚዎች ለብዙ ዓመታት ሽፋኑ ላይ ነጭ ልጅ ሲሥሉ ተከራክራለች። በ2004 አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ታሪኩን በፊልም ሲሠራ ጌድን ነጭ አድርጎ አቀረበው፤ እሷም ቁጣዋን በአደባባይ ጻፈች። ይህ መጽሐፍ ለእናንተም በደንብ ተጽፏል ማለቴ ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥቤ ልሻገር፤ ስለ ሴት ልጆች ነው። አን ማካፍሪ በ1926 ማሳቹሴትስ ውስጥ የተወለደች፣ በኋላ አየርላንድ ሄዳ የኖረች ደራሲ ነበረች። በ1968 ለሳይንስ ልብወለድና ለምናባዊ ታሪኮች የሚሰጠውን የሁጎን ሽልማት በልብወለድ በማግኘት የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች፤ የተሸለመችበትም ታሪክ ስለ ድራጎን ነው። እኔ የምመክራችሁ ግን በ1976 ያወጣችውን "ድራጎንሶንግ"ን ነው። ከሳይንስ ልብወለድ ጋር የተቀላቀለ ነው፤ ፐርን በምትባል ሩቅ ፕላኔት ላይ ይካሄዳል፣ ከሰማይ የሚወርድ የሚያቃጥል ክር ምድሩን ያጠፋል፣ ድራጎኖችና ነጂዎቻቸው በአየር ላይ ሳለ ያቃጥሉታል።

ሜኖሊ 15 ዓመቷ ነው። አባቷ የዓሣ አጥማጆች መንደር አለቃ ነው። ሽማግሌው የመንደሩ ዘፋኝ ተሰጥኦዋን አይቶ ያስተምራታል፤ ሲሞት ሕፃናቱን የሚያስተምር ሰው ስለጠፋ እሷ ትተካለች። አዲሱ መምህር ሲመጣ ግን አባቷ ያፍርባታል። ሴት ልጅ ዜማ ትደርሳለች ተብሎ እንዳይሰማ ይደብቃታል። የራሷን ዜማ ስትሞክር ደርሶባት በቀበቶ ይገርፋታል። ከዚያ ዓሣ ስታጸዳ ቢላዋ እጇን ይቆርጣታል፣ ቁስሉ ይመረዛል። እናቷ ታክማታለች፤ ጣቶቿ ግን ተጨማደው ይድናሉ፣ ቤቱም ከእንግዲህ መጫወት አትችይም ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። እናትየው ቁስሉን በደንብ ልታድነው ትችል እንደነበር ደራሲዋ በግልጽ ታስጠረጥረናለች። እናቶች፣ ይህን ክፍል ስታነቡ ልባችሁ ይሰበራል። እናትየው ክፉ ሴት አይደለችም። ልጇ ከሰው እንዳትለይ፣ ቤቱ እንዳይሰደብ የፈለገች ሴት ናት። ከልጃችን ሕይወት ይልቅ የሰው አፍ ስንፈራ የምናደርገውን ነው ያደረገችው።

ሜኖሊ ትጠፋለች። በባሕር ዳር ዋሻ ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። የሚያቃጥለው ክር ሲወርድ ትሸሸግና እዚያ የትናንሽ ድራጎን መሰል እንስሳት እንቁላል ሲፈለፈል ታያለች። ጫጩቶቹ ርቧቸዋል፤ ምግብ ፍለጋ ወደ ደጅ ከወጡ ይቃጠላሉ። ሜኖሊ የሰበሰበችውን የባሕር ምግብ እየቆራረሰች፣ በዚያ በተጨማደደ እጇ፣ እያጎረሰች ታስቀራቸዋለች። ዘጠኙ የእሷ ይሆናሉ። ጦር የለም፣ ውጊያ የለም። ኃይል ያገኘችው የራበውን በማብላት ነው። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ አፍ ያለው ቤተሰብ ማስተዳደር አለባት፤ ጠዋት ሲነሡ ይርባቸዋል፣ ሲፈሩ ይጮኻሉ፣ የእሷን ስሜት እንዳለ ይቀበሉታል። ተስፋ ስትቆርጥ እነሱም ይረበሻሉ። ያቺ ልጅ ራሷን መግዛት የተማረችው እንዲህ ነው። ከብዙ የጀብዱ መጽሐፍ ይልቅ ማደግ ምን እንደሆነ የሚያሳየው ይህ የዋሻ ኑሮ ነው ብዬ አምናለሁ።

በዚሁ ላይ የሮቢን ማኪንሊን "ዘ ሂሮ ኤንድ ዘ ክራውን" ልጨምር። በ1984 ወጣ፣ በ1985 ለልጆች መጻሕፍት የሚሰጠውን የኒውበሪን ሜዳልያ አገኘ። ኤሪን የንጉሥ ልጅ ናት፤ ግን መልኳ ከአገሩ ሰው የተለየ ነው፣ እናቷም በጥንቆላ የምትታማ የሰሜን ሴት ነበረች፤ ቤተ መንግሥቱ አይቀበላትም። አንድ አሮጌ መጽሐፍ ውስጥ የድራጎን እሳትን የሚከላከል ቅባት አሠራር ታገኛለች። ቅጠሉ ተጽፏል፣ መጠኑ አልተጻፈም። ትቀምማለች፣ በእሳት ትፈትናለች፣ ይበላሻል፣ ማስታወሻ ትይዛለች፣ እንደገና ትቀምማለች። ይህ ዓመታት ይፈጃል። ለዚህ ምዕራፍ ትልቅ አክብሮት አለኝ፤ ማንም ሳያያት፣ ማንም ሳያጨበጭብላት የምትሠራው ሥራ ነውና። ሳይንስ የሚወዱ ልጆች ያሏችሁ ይህን ስጧቸው።

በኋላ ታላቁን ጥቁር ድራጎን ትገድላለች። ይህ የድሮው ዓይነት፣ ጊዮርጊስን የሚያስታውሰን ውጊያ ነው። ማኪንሊ ግን እዚያ አላቆመችም። ኤሪን ተቃጥላ፣ እግሯ ተሰብሮ ትመለሳለች። ሰዎቹ የድራጎኑን ራስ ቅል ለክብር ብለው አዳራሽ ውስጥ ይሰቅሉታል። ያ የሞተ ራስ ግን መናገሩን አይተውም፤ ዋጋ የለሽም፣ ድል አላደረግሽም እያለ ተስፋ መቁረጥን ይዘራባታል፤ በከተማውም ላይ ያጠላል። ከውትድርና፣ ከስደት፣ ከእስር የተመለሰ ሰው በቤታችሁ ያላችሁ ይህ እንግዳ አይሆንባችሁም። አደጋውን ማለፍ አንድ ነገር ነው፣ ካለፈ በኋላ ከራስ ጋር መኖር ሌላ ነገር ነው። ይህን ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በግልጽ መንገር የደፈረ ደራሲ ምስጋና ይገባዋል።

ሦስተኛው ነጥቤ አጭር ነው። ከፊት የተቀመጣችሁ ልጆች ብዙዎቻችሁ "ኤራጎን"ን እንዳነበባችሁ አውቃለሁ። ክሪስቶፈር ፓኦሊኒ በ1983 የተወለደ ነው፤ ያደገው ሞንታና ውስጥ፣ በተራሮች መካከል ነው። ወላጆቹ ቤት ውስጥ አስተማሩት። መጽሐፉን በ15 ዓመቱ መጻፍ ጀመረ፤ በ2002 ቤተሰቡ ራሱ አሳተመለት፤ ልጁም የድሮ ዘመን ልብስ ለብሶ ከመቶ በላይ ትምህርት ቤቶችንና ቤተ መጻሕፍትን እየዞረ አስተዋወቀ። ደራሲው ካርል ሃያሰን የእንጀራ ልጁ መጽሐፉን እንደወደደው አይቶ ለራሱ አሳታሚ ነገረ፤ ኖፍ የተባለው ትልቅ ድርጅት በ2003 እንደገና አወጣው። አባቶች፣ ልጃችሁ ማታ ማታ አንድ ነገር ሲጽፍ ካያችሁ "ትምህርትህስ?" ከማለታችሁ በፊት ይህን ቤተሰብ አስታውሱ።

መጽሐፉ ራሱ እንከን የለውም አልልም። ከቶልኪንና ከስታር ዋርስ የተወሰደው ብዙ ነው፣ ቋንቋውም አንዳንዴ ይከብዳል። ሆኖም አንድ የማልረሳው ነገር አለው። ድራጎን ጋላቢው ኤራጎን አንዲትን ሕፃን አስማት በሚሠራበት በጥንቱ ቋንቋ ይመርቃል፤ ከክፉ ነገር ትጠበቂ ለማለት ነበር። አንዲት የሰዋስው ስህተት ይሠራና ምርቃቱ ሌሎችን ከክፉ የምትጠብቅ ጋሻ ሁኚ ይሆናል። በተከታዮቹ መጻሕፍት ሕፃኗ ኤልቫ የሰውን ሁሉ ሕመም እየተሸከመች፣ ከዕድሜዋ ቀድማ እያደገች ትሠቃያለች። ኤራጎን ክፉ አላሰበም። ሆኖም ልጅቷ ፊት ቀርቦ ያደረገውን መስማት፣ ይቅርታ መጠየቅ፣ ለማስተካከልም መልፋት ግድ ሆነበት። እንግዲህ ወዳልኳችሁ ነገር ተመለስን፤ ድራጎን መጋለብ አላሳደገውም፣ ኤልቫ ፊት መቆሙ ነው ያሳደገው።

ለታናናሾቹ ደግሞ የክሬሲዳ ካወል "ሃው ቱ ትሬይን ዩር ድራጎን" አለ፤ ከ2003 እስከ 2015 በ12 መጻሕፍት የወጣ። ፊልሙን ሁላችሁም አይታችኋል፤ መጽሐፉ ግን ሌላ ነው። ለጀግናው ለሂካፕ ድራጎን ማሠልጠኛ ተብሎ የሚሰጠው መጽሐፍ በውስጡ ያለው ምክር አንድ ብቻ ነው፤ ጩኽበት፣ አሁንም ጩኽበት። ሂካፕ መጮህ አይችልበትም። ስለዚህ የድራጎኖቹን ቋንቋ ተምሮ ያናግራቸዋል። ለወላጆች ከዚህ በላይ አልጨምርም።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ለዚህ አዳራሽ ወደሚቀርበው መጽሐፍ ደረስን። ሬቸል ሃርትማን በ2012 "ሴራፊና"ን አወጣች። በዚያ አገር ሰዎችና ድራጎኖች ከብዙ ጦርነት በኋላ ተዋውለው አብረው ይኖራሉ፤ ድራጎኖቹ የሰው መልክ መያዝ ይችላሉ፣ ግን አይተማመኑም። ሴራፊና 16 ዓመቷ ነው፤ የቤተ መንግሥት ሙዚቀኛ ናት። አባቷ ሰው ነው፣ እናቷ ድራጎን ነበረች። እንዲህ ያለ ልጅ መኖሩን እንኳ ማንም ማመን አይፈልግም። ክንዷና ወገቧ ላይ ቅርፊት አላት፤ በሙቀትም ቢሆን ረጅም እጅጌ ትለብሳለች። አንድ ሌሊት ከቅርፊቶቿ አንዱን ነቅላ ለማውጣት ትሞክራለች፤ የምታተርፈው ቁስል ብቻ ነው።

ልጆቻችን ድራጎን አይደሉም። ግን ቤት ውስጥ በአማርኛ፣ ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ የምትኖር፣ መምህሯ እንዳይቸገር ስሟን አሳጥራ የምታስጠራ፣ አገር ቤት ስትሄድ "አሜሪካዊቷ" የምትባል፣ እዚህ ደግሞ "ከየት ነሽ?" የምትባል ልጅ በእያንዳንዳችን ቤት አለች። ሴራፊናን ስታነብ ረጅሙን እጅጌ ታውቀዋለች። ሴራፊና ወደ መጨረሻው እጅጌዋን ሰብስባ ቅርፊቷን ስታሳይ፣ የሚያያት ሰው ሁሉ አያጨበጭብም፤ አንዳንዱ ይሸሻል። እሷ ግን ከእንግዲህ ለሚጠይቃት ሰው የሁለቱም ወገን ልጅ ሆና መልስ መስጠት ትችላለች፤ ሁለቱ ሕዝቦች ሲጣሉም ሁለቱንም የምትረዳ ሆና ትገኛለች። ይህ መጽሐፍ ለልጃችሁ እናንተ ለመናገር የሚቸግራችሁን ይናገርላችኋል።

ከመጨረሴ በፊት ጠንቀቅ እንድትሉ የምፈልገው አለ። ድራጎን ያለበት ሁሉ ለልጅ አይደለም። በ2023 የወጣውና በየመደብሩ የተደረደረው የሬቤካ ያሮስ "ፎርዝ ዊንግ" የተጻፈው ለአዋቂዎች ነው፤ በግልጽ የተጻፈ የአልጋ ትዕይንት አለው። ሽፋኑ ግን ከወጣቶቹ መጻሕፍት ጋር ይመሳሰላል፤ የ12 ዓመት ልጅ ሲያነሣው ሻጩ አይከለክለውም። ከዚህ ሌላ ደግሞ ስንፍና ያለባቸው መጻሕፍት አሉ። ጀግናው በትንቢት ስለተነገረለት፣ ወይም ደሙ የነገሥታት ስለሆነ ብቻ ሁሉ የሚሰካለት። እንዲህ ዓይነቱ ልጅን አያሳድግም፤ የተመረጥክ ነህና ተቀመጥ ይለዋል። የእኔ መለያ ቀላል ነው። ልጃችሁን "ጀግናው ምን አጠፋ? ካጠፋ በኋላስ ምን አደረገ?" ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ካለው መጽሐፉ ጥሩ ነው።

በዚህ አዳራሽ በአማርኛ የምትጽፉም እንዳላችሁ አያለሁ። ለሕፃናት ተረት አለን፣ ለአዋቂ ልብወለድ አለን፤ በመካከል ላለው፣ ለአሥራ ሦስትና ለአሥራ ስድስት ዓመቱ ልጅ የምናቀርብለት ግን በጣም ጥቂት ነው። ደብረ ዳሞን የመሰለ ገደል፣ አርዌን የመሰለ ንጉሥ እያለን፣ ልጆቻችን ስለ ዘንዶ ለማንበብ የግድ ሞንታናና አየርላንድ መሄድ የለባቸውም። እባካችሁ ጻፉላቸው፤ ልጆቹ ራሳቸው ሲጽፉም አበረታቷቸው።

ወላጆች ደግሞ የምለምናችሁ ይህ ነው። እስከሚቀጥለው ስብሰባችን ድረስ ከጠቀስኳቸው አንዱን ከልጃችሁ ጋር አንብቡ። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ልጁ ያንብብላችሁ፣ እናንተ በአማርኛ አስተያየት ስጡበት። ሁሉንም በሰፈራችሁ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ያለ ክፍያ መጠየቅ ትችላላችሁ። አሁን ተራው የወጣቶቹ ነው።